የሚያስለው ጎረቤት

መርከቡ በሳምንት አንዴ ነው፥ እሱም ሰማዩ ከፈቀደ፤
ሦስት ቀን ጠበቅሁት በወደቡ፥ ጉም ከደጄ እየተንጎራደደ።
በአራተኛው ቀን ተሳፈርኩ፥ ከድንችና ከናፍጣ በርሜል ጋር፤
ፓራሙሺር ደረስኩ በባዶ ሆዴ፥ ጉልበቴ እየራደ በባዳ ምድር።

እሳት ልይ ብዬ ነው የመጣሁት።
እንዲህ ስላት ሳቀች ታይሲያ፥ የዓሣ ፋብሪካው ጡረተኛ፤
«እሳት ካማረህማ ምድጃዬ አለ፥ ግባና ጎኑ ተኛ።
ኤቤኮ ላይ ያለው ብርድ ነው፥ ብርድና የግም እንቁላል ሽታ፤
ግን ሐሙስ ሐሙስ እወጣለሁ፤ ና ተከተለኝ፥ እንመለሳለን ለማታ።»

በኪሷ ቴርሞሜትር፥ በረጅም ክር የታሰረ፥
በብብቷ ደብተር፥ ጠርዙ ተልጦ፥ ገጹ የጠቆረ።
ማንም አላዘዛትም ዛሬ፤ ሥራው የባሏ ነበር፥ የዬፊም፤
«ሐኪሙ ሞተ ተብሎ» አለች፥ «ታማሚ ሳይጠየቅ አይቀርም።»

ወጣን። ዛፉ ሁሉ በደረቱ የሚሳብ ጥድ ነው፥ ድንክ፥
ነፋስ ቀና ማለትን የከለከለው፥ ለበረዶ የሚንበረከክ።
ከዚያ በኋላ ጥድም የለም። በረዶ ብቻ። እሱም ነጭ አይደለም፤
አመድ የነካው አሮጌ አንሶላ፥ ቢያጥቡት የማይጠራ ለዘላለም።
እሷ ትቀድማለች፥ በሰባ ምናምን ዓመቷ፥ በጎማ ጫማ፤
እኔ ከኋላ አለከልካለሁ፥ ከትንፋሼ ሌላ ድምፅ ሳልሰማ።

በየመቶ እርምጃው ቆማ ታደምጣለች። እኔም እቆማለሁ።
ምንም።
ከዚያ ከላይ፥ ከጉሙ ውስጥ፥ እንደ ሽማግሌ ከእንቅልፉ ነቅቶ፥
ኤቤኮ ሳለ፤
እግሬ ሥር ድንጋዩ ሲርድ፥ ጥርሴ ተንገጫገጨ ፈርቶ።

«ይማርህ» አለችው ታይሲያ፤ መንገዷን ቀጠለች።

አፋፉ ላይ ስንደርስ እኩለ ቀን ነው፥ ብርሃኑ ግን የምሽት፤
ጭቃው ገንፎ ሆኖ ይንተከተካል፥ ከቢጫው የድኝ አበባ ፊት።
እሳቱስ? ከሐይቁ ማዶ የጭስ ግንብ ብቻ ይታነጻል፤
ማንም ሳይገባበት፥ ማንም ሳይወጣበት፥ በነፋስ መልሶ ይፈርሳል።
አመዱ መጣ። እንደ ካፊያ፥ ግን ደረቅ፥ በኮሌታ የሚገባ፤
መነጽሬ ጨለመ። እሷ በእጅጌዋ ጠረገችልኝ፥
አገጬን ይዛ፥ እንደ ሕፃን አፍንጫ፤ «አትንቀሳቀስ» አለችኝ።

ከአለት ጥግ ተቀመጥን። የደረቀ ሳልሞን ቆርሳ ሰጠችኝ፥
ዳቦም። በሁለቱ መሐል አመድ ነበረ። በላነው።

«እንዴት ትኖራላችሁ ከዚህ ሥር? አትፈሩም ወይ?»
አፏ ውስጥ ያለውን ጨረሰች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፥
ወደ ተራራው አይደለም፤
ወደ ታች፥ ጉሙ ተቀዶ ባሕሩ ወደታየበት፥
ሰማያዊ፥ ለስላሳ፥ ምንም እንዳልሠራ ሰው ወደተኛበት።

«ይኼ ሲመጣ ይስላል፤ ጎረቤት ነው፥ ደጅ ያንኳኳል።
ያኛው በኅዳር ሌሊት ነው የመጣው፤ ሳይስል ገብቶ ሰው ይለቅማል።
እኔ የሰባት ወር ነበርኩ፤ እናቴ በብርድ ልብስ ጠቅልላ
ኮረብታው ላይ አወጣችኝ፥ በበረዶው ላይ በባዶ እግሯ ቸኩላ።
የመጀመሪያው ማዕበል ሸሸ። ሰው ‹አለፈ› አለ፤ ውሃው ወረደ።
ሮዲዮን ወንድሜ፥ አሥር ዓመቱ፥ የእናቴን ጫማ ሊያመጣ ሄደ።»

የቀረውን አልነገረችኝም።
ኤቤኮ ሳለ። «ይማርህ» አልኩት እኔ፥ አምልጦኝ።

ክሩን ወደ ፍል ውሃው ለቀቀች፤ ቆጠረች፤ ሳበች፤
አመዱን በጥፍሯ ፍቃ በእርሳስ ጻፈች፦
ሐሙስ። ጉም። ሰማንያ ሦስት። ሁለት ጊዜ ሳለ።
ትንሽ አሰበችና ከሥሩ ጨመረች፦
እንግዳ አንድ።

ያን ሌሊት ከምድጃዋ ጎን ተኛሁ። እሳትም አየሁ፥ በመጨረሻ፤
ቀይ፥ ትንሽ፥ የቡችላ ምላስ የምታህል፥ የእኔ ድርሻ።

ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። በር ላይ የተውኩት ጫማዬ በር ላይ የለም፤
ከራስጌዬ ነው፥ አመዱ ተራግፎ፥ ማሰሪያው ላልቶ፥
አፍንጫው ወደ ኮረብታው ዞሮ።